አይኔ፣ በአልፋው አ

ጋሼ ንጉሡ ስማቸው ንጉሡ አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው፤ እኔም አብሬ አውጥቻለሁ፣ አልክድም። ሥራቸው ታፔላ መጻፍ ነው። ሱቅ ሲከፈት፣ ፀጉር ቤት ሲከፈት፣ ልብስ ሰፊው ቤት ሲቀይር፣ ቆርቆሮና ጣውላ ላይ በብሩሽ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ታዲያ አንዱ ደንበኛ ታፔላ ይጻፉልኝ ብሎ ወረቀት ሲያቀብላቸው፣ ወረቀቱ ላይ «ስጋ ቤት» የሚል ካዩ አለቀለት። ብሩሹን ያስቀምጡና «ይሄማ ንጉሡ ሠ ነው» ብለው ሰውየውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ያስተምሩታል። ሥጋ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ፊደል ቆጥሮ ይሄዳል።

ለረሳ ሰው ላስታውስ። ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የሚለያይ ፊደሎች አሉን። «እሳት» የሚጻፍበት እሳቱ ሰ አለ፣ «ንጉሥ» የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ አለ። አልፋው አ አለ፣ «ዐይን» የሚጻፍበት ክቡ ዐይኑ ዐ አለ። ለምላሳችን ሁሉም ያው ናቸው፤ ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰውም ጣቱ የቀረበውን ነው የሚነካው። ለጋሼ ግን አንዱን በአንዱ ቦታ መጻፍ ሰውን በሌላ ሰው ስም እንደመጥራት ነበር። እኔም ይህን ስጽፍ ዐይንን በዐይኑ ዐ የምጽፈው ለእሳቸው ስል ነው። በሌላው ፊደል ብሳሳት ይለፈኝ።

እኔ ደግሞ ቻርጀሯ እባላለሁ። የስልክ ዕቃ ስለምሸጥ ነው ይላሉ፤ ቶሎ ስለምግል ነው የሚሉም አሉ፣ ማን ማን እንደሆኑም አውቃቸዋለሁ። ሱቄን ከጋሼ ክፍል የሚለየው አንድ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። የእሳቸው የቀለም ሽታ ወደ እኔ፣ የእኔ ጭቅጭቅ ወደ እሳቸው ሲሻገር ኖረናል። እዚህ የመጡት የድሮ ሰፈራቸው ለመንገድ ፈርሶ፣ ነዋሪው በየአቅጣጫው ሲበተን ነው። መሰላል፣ ሦስት ጣሳ ቀለምና በጨርቅ የተጠቀለሉ ብሩሾች ይዘው መጡ፤ ሌላ ዕቃ አላየሁባቸውም። ሥራም አልነበራቸውም። ባነር የሚያትም ማሽን በአንድ ሰዓት ውስጥ የፈለጉትን ሲተፋ፣ ለብሩሽ ሁለት ቀን የሚጠብቅ ማን አለ? ቢሆንም በየማለዳው በራቸውን ከፍተው፣ ጠመኔ የቀቡትን ክር ጣውላ ላይ ወጥረው ጧ ያደርጉትና መስመር ያሰምራሉ። ከዚያ ምንም ሳይጽፉበት ቁጭ ይላሉ።

አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው፣ በዚያ ስልክ የጠፋ ሰው ይገኛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ማን ጠፋብዎት፣ ፍቅረኛ ነች ብዬ ቀለድኩ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። የጠፋችባቸው ልጃቸው ናት።

እናቷ የሞተችባት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ጋሼ በቀለም ጣሳ መሃል አሳደጓት። መጀመሪያ የለየችው ፊደል ዐይኑ ዐን ነበር፣ ክብ ስለሆነ። በአምስት ዓመቷ፣ አባቷ ለመነጽር ቤት የጻፉት ታፔላ እስኪደርቅ ግድግዳ ተደግፎ ሳለ፣ ጣቷን ጥቁር ቀለም ነክራ በዐ መሃል ነጥብ አደረገችበት። ምነው ምን ነካሽ ብትባል፣ ዐይን ከሆነ ብሌኑ የታለ አለች። መነጽር ሻጩ ሳቀና እንዳለ ይሰቀል አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ቀረና ዐይኔ ተባለች፤ እሳቸውም በዚያ ሰፈር የዐይኔ አባት ሆኑ። በየታፔላው ጥግ ላይ በትንሹ የሚፈርሙትም ይህንኑ ነበር፣ «የዐይኔ አባት» ብለው።

ዐይኔ አደገች፣ ኮምፒውተር ተማረች፣ ከሁሉም ቦታ ባነር ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። አባትየው ይህንንም ዋጥ አድርገው ቻሉት። አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ክሊኒክ ትልቅ ባነር ጨርሳ ማስረከቧን ነገረቻቸው። ደስ ብሏቸው ሊያዩት ሄዱ። በሩ ላይ ቆመው ቀና ቢሉ፣ ግድግዳ የሚያህል ባነር ላይ «የአይን ሕክምና» ይላል። በአልፋው። ከዚያ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ገብተው፣ በአለቃዋና በባልደረቦቿ ፊት፣ ከፊደል ሁሉ ይቺን ትስቻታለሽ ብለው ጮኹባት። እሷም ፊቷ ቀልቶ፣ ደንበኛው ያመጣውን ነው ያተምኩት፣ ደግሞስ ዛሬ ማን ያስተውለዋል አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ጋሼ ያኔ የተናገሩትን ሲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ጀምረው አቆሙ።

«በአልፋው አ የምትጽፍ ልጅ አልወለድኩም» ነው ያሏት።

በዚያው ቀን ልብሷን ይዛ ወጣች፤ የስልክ ቁጥሯንም ቀየረች። እሷ ይፈልገኛል ብላ ጠበቀች፣ እሳቸው ትመለሳለች ብለው ጠበቁ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት በሽታ ሁለቱንም ይዟቸው ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት አለፈ፣ ሰፈሩ ፈረሰ፣ መመለሻውም ጠፋ። እኔን ሲጠይቁኝ ከሄደች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። የጠየቁኝም ናፍቆት ብቻ ገፍቷቸው አይደለም። ሐኪም ግላኮማ ነው ብሏቸዋል። የዐይንዎ ነርቭ እየሞተ ነው፣ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ መሃሉም ይሄዳል፣ የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው ቢያዘገየው ነው ብሏቸዋል። ጋሼ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፤ ዐይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ልጃቸውን አንዴ ማየት።

እኔ የስልክ መሸፈኛዬን በአጫጭር ቪዲዮ ስለምሸጥ መንገዱን አውቃለሁ ባይ ነኝ። ፊቴ አይታይም ስላሉ እጃቸውንና ብሩሹን ብቻ ቀረጽኩ። ከሥር ሃሽታግ ደረደርኩ፤ ቫይራል፣ ፎርዩ፣ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሃያ ያህል። አሥራ አንድ ሰው አየው፤ ሁለቱ እኔው ነኝ፣ በሁለት ስልክ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሁሉም የሚጮኸውን ሃሽታግ መጮህ ገበያ መሃል ቆሞ አንተ ሰውዬ ብሎ መጣራት ነው፤ ማን ዞሮ ያያል? ስለዚህ አሳነስነው፣ አራት ብቻ አደረግነው። አንዱ ለሥራው፣ #ታፔላ። አንዱ ነገሩን ለሚወድ ሰው፣ #የእጅ_ጽሑፍ። አንዱ ለዕለቱ ፊደል፤ ዛሬ #ንጉሡ_ሠ ከሆነ ነገ #ፀሐዩ_ፀ ይሆናል። አራተኛው ግን አይቀየርም። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር እሷን መጥሪያ ነው፣ #የዐይኔ_አባት።

ጋሼ ከፊት የምትገባዋን የ# ምልክት ስም አልለመዱትም፤ ፍርግርጓ ይሏታል፣ ፍርግርጓን እንዳትረሺ ይሉኛል። በቃልና በቃል መሃል ባዶ ቦታ ከተተወ ሃሽታጉ እንደሚቆረጥ ስነግራቸው፣ ቃል ከቃል ተጣብቆ አይጻፍም ብለው ግማሽ ቀን አኮረፉ። መሃል ላይ መሬት ለመሬት የምትተኛዋን ሰረዝ ሳሳያቸው ታረቅን። ለየፊደሉ አንድ አንድ ቪዲዮ መሥራት ስንጀምር ነገሩ ተነሳ። አስተማሪዎች ለተማሪዎቻቸው አሳዩት፣ ሰው ከሥሩ ተከራከረበት። ተከራካሪው ፊደል ሲሳሳት ጋሼ ሱቄ ድረስ መጥተው እርማት ያስጽፉኛል፤ ደንበኛዬ ቆሞ ይጠብቃል። ተከታዩ አርባ ሺህ ገባ። እኔ ቤቱ ሁሉ ይስማ ብዬ ብዘል፣ እሳቸው በየማለዳው ሱቄን ስከፍት የሚጠይቁኝ ያንኑ ነበር፤ መጣች? አልመጣችም ጋሼ እላቸዋለሁ። አርባ ሺህ ሰው መጥቶ አንዲት ሴት አልመጣችም።

አንድ ቀን ስብሰለሰል ቆይቼ ተናገርኩ። ስልክ ላይ አልፋው አ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ዐይኑ ዐ ግን ተፈልጎ ነው የሚገኘው። ሃሽታግ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ አንድ ፊደል ከተለየ ሌላ ቤት ነው የሚያስገባው። ዘዴው መጻፍ እንዳለበት መጻፍ ሳይሆን ሰው እንደሚጽፈው መጻፍ ነው። የእርስዎ ይቀመጥና አምስተኛ አድርገን በአልፋውም እንጨምራት አልኳቸው። ጋሼ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«በአልፋው አ ከጻፍኩት ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ።

ማንም በየቀኑ የሚምለው መሐላ ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን ሁለታችንም ደነገጥን። ተመልሰው ተቀመጡ። ብሩሹን በጨርቅ እየጠረጉ ቀስ ብለው የጨመሩት ነገር እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል።

«ዛሬ በአልፋው የምጽፈው ከሆነ፣ ያኔ ልጄን ለምን አባረርኳት?»

ተናድጄ ሦስት ቀን ዘጋኋቸው። በአራተኛው ቀን ስመጣ የሱቄን ታፔላ ሳልጠይቃቸው አድሰውልኝ አገኘሁት፤ «የስልክ ዕቃ» የሚለው እንደ አዲስ ያበራል። ታረቅን፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ሰፈሩን ሁሉ በጭቅጭቅ የማሰለች ሴት፣ መጨቃጨቅ በሚገባኝ ቀን ዝም አልኩ። ይበለኝ።

ዐይናቸው ግን አልጠበቀንም። መጀመሪያ አጠገባቸው የተቀመጠውን ጣሳ ማየት አቃታቸው፤ ቀዩ ቀለም ተደፍቶ ጫማቸውን እስኪያርስ አላወቁም። ቀጥሎ ቀጭን ፊደል ቀረና መስኮት የሚያህል ብቻ መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ብሩሹን እጃቸው ላይ የማስቀምጠው እኔ ሆንኩ። መጨረሻ ላይ የቀረጽኩት ቪዲዮ የዐይኑ ዐ ነው። ክቡን ጀምረው ሲያዞሩት፣ መነሻውና መድረሻው ሳይገናኙ ጎን ለጎን ተላለፉ። ብሩሹን አንስተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ገጠመ?»

«ገጥሟል ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ ብሩሾቹን አጥበው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከአልጋቸው ሥር አስገቧቸው። ያንን ቪዲዮ ለመለጠፍ እጄ አልሄድ ብሎኝ ሁለት ወር ስልኬ ውስጥ ተቀመጠ። በዚህ መሃል ብርሃኑም ጨርሶ ሄደ፤ ቀንና ማታ የሚለዩት በጆሯቸው ሆነ። አንድ ማለዳ እንደ ልማዳቸው መጣች ብለው ጠየቁኝና፣ አልመጣችም ስላቸው ፈገግ አሉ። በአልፋው ብጽፍ ዐይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልኩ፣ ሳልጽፈውም አደረገው አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሱቄ ገብቼ ከመደርደሪያው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ጋልኩ። ስልኬን አንስቼ ያልገጠመውን ዐይን ለጠፍኩት። አራቱን ሃሽታግ ጻፍኩ፤ መሐላው የእሳቸው እንጂ የእኔ አይደለም ብዬ አምስተኛውን በአልፋው ጨመርኩ፣ #የአይኔ_አባት።

ጽፌ ሳልጨርስ ስልኩ ራሱ ሞላልኝ። አጠገቡ ቁጥር አለ፤ ስልሳ ሦስት ቪዲዮ ይላል። እኔ ማንም የማይኖርበት ባዶ ቤት ነበር የመሰለኝ። ነካሁት።

አንዲት ሴት ናት፤ ሁሉም ላይ እሷው ናት። ከኋላዋ የባነር ማሽን ይታያል። ግንባሯ የጋሼ ግንባር ነው። አባዬ ትላለች፤ ሰፈራችን ሄጄ ነበር፣ መንገድ ሆኗል፣ የጠየቅኩት ሁሉ የት እንደገባህ አያውቅም። ታፔላ ጻፊ ነው፣ የአይኔ አባት ነው የሚባለው፣ የምታውቁት ካላችሁ ትላለች። በሌላው ስለ መነጽር ቤቱ ታፔላ እያወራች ትስቃለች፣ ሳቋ መሃል ላይ ይቆረጣል። በሌላው ምንም አትናገርም፤ መሃሉ ነጥብ ያለበት ክብ ወረቀት ላይ ጽፋ ታሳያለች። አንዱን ሃያ ሰው አይቶታል፣ አንዱን ሰባት። አርባ ሺህ ሰው እኛ ጋ ተሰብስቦ፣ እሷ እዚያ ለሰባት ሰው ታለቅስ ነበር። ቆሌዬ ተገፈፈ።

ወደ ታች ወርጄ የመጀመሪያውን ቀን አየሁ። ከዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። በዚያ ሳምንት ጋሼ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ክር የመሰለ ቀጭን ፊደል ጽፈው ነበር፤ የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ቀኑ አብሮ አለ። በአልፋው ይጻፍ አይጻፍ ብለን የተጣላነውም ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ጽፈነው ቢሆን፣ ወይም እኔ ጅሏ ዝም ብዬ እንኳ በአልፋው ፈልጌ ባየው፣ ልጃቸውን ከነቅንድቧ ባዩዋት ነበር። ሃሽታግ መጥሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከወዲያ በኩል የሚጣራ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ አንድ ቀን ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም።

መልእክት ላኩላት። በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከአውቶቡስ ወርዳ መጀመሪያ እኔ ሱቅ ገባች። በመልእክት ያልነገርኳትን ያኔ ነገርኳት፣ እንደማያዩ። ቦርሳዋን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ስትነሳ፣ በዐይኑ ዐ ለምን አልፈለግሽም ብዬ ጠየቅኳት፤ የታፔላ ጻፊ ልጅ ፊደል አይጠፋትም። አውቄ ነው አለችኝ። አባቷ አልወለድኩም ያለው በአልፋው የምትጽፈውን ልጅ ነው። የሚፈልጋት እሷን ከሆነ በአልፋው ይጥራት፣ እዚያ እጠብቀዋለሁ ብላ ነው። እኔን ይብላኝ ለሁለታችሁም አልኩ በሆዴ። እልህ ያልፈጀው ነገር የላቸውም።

ጋሼ በራቸው ላይ ፊታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ስትቆም ደንበኛ መሰለቻቸው፤ ይቅርታ፣ ታፔላ መጻፍ ትቻለሁ አሉ። እሷ ተንበርክካ ቀኝ እጃቸውን ወሰደች፣ መዳፋቸውን ዘረጋች፣ በጣቷ ጻፈችበት። አ። ይ። ኔ። እኔ ኮምፔንሳቶውን ተደግፌ እርማቱን ጠበቅኩ። ስንቱን ሥጋ ሻጭ በርጩማ ላይ ያስቀመጡ፣ የማያውቁትን ሰው ሁሉ በእኔ ጣት ያረሙ ሰው ናቸው። ጋሼ የጻፈችበትን መዳፋቸውን ጨበጡ።

«ልክ ነው» አሉ።

ከዚያ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከግንባሯ ጀምረው ቅንድቧን፣ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን፣ መስመር ሳይዘሉ ዳሰሱ። ጣታቸው እንባዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስታችንም አለቀስን፤ እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው፣ መንገደኛ ቆሞ ሲያየኝም አላፈርኩም።

ረጋ ሲሉ ሻይ አመጣሁ። ዐይኔ እጃቸውን እንደያዘች ነገረቻቸው፤ ሰፈሩን ሄዳ ማጣቷን፣ በቪዲዮ መጣራቷን፣ በየትኛው ፊደል እንደጻፈችው፣ ለምን እንደጻፈችው። ጋሼ ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ሰሙ። ብልህ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ብርጭቆውን መሬት ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

«መቼ ነው መጥራት የጀመርሽው?» አሏት።

ዐይኔ አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

«ባለፈው ወር ነው ጋሼ» አልኩ። «እርስዎ ብሩሹን ከጠቀለሉ በኋላ።»

ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ጋሼ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ ትከሻቸውም ወረድ አለ።

«ደግ ነው» አሉ። «እንግዲያ ብዙ አላስጠበቅኩሽም።»

ዐይኔ ጣቷን ከመዳፋቸው ሳታነሳ፣ አዎ አባዬ አለች። እኔ ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩና ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ሱቄ ገባሁ።